የቁም ለቅሶ

ጉዶ በረት ነው። ሐምሌ አጋማሽ፤ ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ
መንገዱን ውጦታል፤ የመኪናችን መብራት ክንድ አይሄድም ቀዶ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ከግብርና ቢሮ የውሎ አበል ፈርሜ
ለአየርላንዱ ሰውዬ፣ ለኮርማክ፣ ምላስ ልሆን ከኋላው ቆሜ።

የወይዘሮ ጥሩሰው ማሳ ዳር፣ አንድ ቅጠል ገለበጠ፤
ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አየ፤ አሸተተ፤ ፊቱ ተለወጠ።
ባርኔጣውን አወለቀ፤
ዝናቡ መላጣው ላይ ወደቀ።

«ምን አለ?» ትለኛለች።
ገና ምንም አላለም።
ቆይቶ ተናገረ፤ ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ዜማው ግን የእንግሊዝ አይደለም፦

«ቅድመ አያቴ ልጅ ነበረች፣ ሜዮ በሚባል አገር፤
ማታ አበባ ላይ ያደረ ማሳ፣ ሲነጋ ጥቁር ነበር።
ከማየቷ በፊት ሸተታት።»

ምች፣ አልኩ። ለእሱ ቃል ነበረኝ። እስከዚህ ቀላል ነው።

«አንድ ዓይነት ድንች ነበር፣ ያንኑ ነው የምንተክለው፤
ለጭሰኛ በተቆረሰች መሬት ሌላ ምን ያጠግባል?
ስንዴው፣ ቅቤው፣ ከብቱ፣ ለባለርስቱ ኪራይ በወታደር ታጅቦ ወደ ወደብ ይነዳል፤
የራበው መንገድ ዳር ቆሞ፣ የገዛ ላቡ ሲያልፍ ያያል።»

ጭሰኛ ስል ጥሩሰው ቀና አለች።
«ፈረንጅ ለፈረንጅ?» አለች።
«እርቦ፣ ሲሶ፣ ያውቃሉ እንዴ እነሱም?»
ይህን አልመለስኩለትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

«ከዚያ ሰው ባሕር ገባ፤ መርከቦቹን ‹የሬሳ ሣጥን› አልናቸው…»
እዚህ ላይ ፈራሁ። ልጇ ዘነቡ ከጓሮ ናት፤ ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ለጅዳ፤
ሰኞ ትሄዳለች። «ሬሳ»ን ዋጥኩት። «ሣጥን» ብቻ አልኩ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ።

«ሣጥን ይዘው ሄዱ? ደግ ነው፤ ዕቃ ነበራቸዋ!
የኔዋስ በፌስታል ናት፤ አንድ ነጠላና አንድ ጫማዋ።»

ኮርማክ አልሰማም፤ ቀጠለ፤ ዝናቡም ቀጠለ።

«ሊሄድ ያለ ሰው ዋዜማ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ያድራል፤
መጠጥ አለ፣ ጭፈራ አለ፤ ሊነጋ ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል፤
እናት ትነሳና ሙሾ ታወርዳለች፤
ልጇ በር ላይ ቆሞ እየሰማ፣ እንደ ሞተ ታለቅሰዋለች።
አይመለስማ! ደብዳቤ ይመጣል፤ ዶላር ይመጣል፤ እሱ አይመጣም።
ኖራ ቦስተን ገረድ ሆነች፤ ለወንድሟ ትኬት ላከች፣
ወንድሟ ለታናሹ፤
እንደ ዶቃ፣ ክሩ በተበጠሰ፣ እየተንከባለልን አለቅን።»

ለዚህ ቃል የለኝም። አማርኛ የሚያለቅሰው ለሞተ ነው፤
ለሄደማ ምርቃት ነው፣ «ቀኝ አውለኝ» ነው።
«የቁም ለቅሶ» አልኩ በመጨረሻ፣ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ፣
እንደ ትኩስ ድንች፣ ልተፋው እየዳዳኝ፣ እየዋጥኩ።

ጥሩሰው አማተበች። «በስመ አብ! በቁሙ ሰው ይለቀሳል?
ሟርት ነው በለው።»
አልኩት።
«እኛም ጋ ሟርት ነበር» አለ። «እውነትም ነበር።»
ይቺን አላሻገርኳትም። እስከ ዛሬ እዚሁ ናት፣ ጉሮሮዬ ሥር።

እሑድ ሌሊት፣ ከትምህርት ቤቱ ደጅ፣ ድንኳን ውስጥ ተኝተን፣
ከማሳው በኩል ድምፅ መጣ፤ ውሻው ሁሉ ዝም አለ፤ ተነሣን።
ጥሩሰው ናት፤ በጠቆረው ትልም መሃል፣ ጭቃው እስከ ባቷ፣
መቀነቷን ፈትታ፣ እጇን እያማታች፣ ከነሙሉ ድምጿ፦

«ውርጭ ያለፈሽን፣ በረዶ የማረሽ፣
አበባ ላይ ሳለሽ፣ ምን ነፋስ ወሰደሽ?»

ጎረቤት በሩን ከፍቶ «ለድንች እንዲህ ይለቀሳል?» አለ።
«ብድር አለባት» አለ ሌላው፤ «የዘር ብድር አለ።»
ከቤቷ ደፍ ላይ ግን፣ ኩራዝ አንጠልጥላ፣
ዘነቡ ቆማለች፤ ትሰማለች፤ ነገ ላይመሽላት ሌላ።

ኮርማክ ክንዴን ያዘ። «ስለ ምንድን ነው?» አለኝ።
«ስለ ድንቹ» አልኩት።
ትንሽ ዓይኔን አየኝ።
ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።